ማንም ያልመታት ጀግና

አምቦ ውስጥ የተሰበረ አጥንት ታሪክ ሳያገኝ አያድርም። ሌላ ከተማ እግሩ የተሰበረ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል። አምቦ ላይ ግን «ማን ነው የመታህ?» ነው የሚባለው። ደረጃ ስቼ ነው፣ በቅሎ ጥላኝ ነው ብሎ የሚመልስ ሰው ወይ ፈሪ ነው፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። ሃቦኔ ይህን ደንብ የተማረችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም.፣ የግራ እግሯ በተሰበረ ሰሞን ነው።

ያ ሰሞን ተማሪዎች ለተቃውሞ አደባባይ የወጡበት፣ የፖሊስ ዱላም የበዛበት ሰሞን ነበር። ሃቦኔ ግን አደባባይ አልወጣችም። እንኳን አደባባይ፣ እስከ ግቢው በር ለመድረስም አቅም አልነበራት። ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ከቤት ስትወጣ ከደጃፉ እርከን ወረደች። እርከኑ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። እግሯ ቀጭ አለና ከሥሯ ከዳት። ሙሉ ታሪኩ ይኸው ነው፤ ዱላ የለበትም፣ መፈክር የለበትም፣ ምስክርም ቢባል አንዲት ዶሮ ብቻ ነበረች።

ከዚያ በፊት የነበረውን ሁለት ዓመት ግን ዶሮዋም አታውቀውም። ሃቦኔ አሥረኛ ክፍል ሳለች ክረምቱን ዘመድ ጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ልጅ «ሆስተስ ለመሆን ከአርባ አምስት ኪሎ በታች መሆን ግዴታ ነው» ብላ አወራች። ልጅቷ ይህን ከየት እንዳመጣችው የጠየቃት የለም፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ወሬ ማስረጃ አይጠየቅም። ሃቦኔ ደግሞ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ወደ ሰማይ የምታንጋጥጥ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ቁርስ ተወች፤ ከዚያ ምሳ ተወች። እራት ላይ እንጀራዋን እንደ ጥፍር እየቆረሰች ከትሪው ዳር ወደ ዳር ስታንሸራሽር ትቆይና «ጠገብኩ» ትላለች። ጾም ሲገባ ተገላገለች፤ እናቷ አዴ ጉዴ «ልጄስ ከኔም በለጠች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች» እያሉ በጎረቤት ፊት ኮሩባት። ጾሙ ሲፈታ ሃቦኔ አልፈታችም። የወር አበባዋ ሲቀር «አንድ ጣጣ ቀነሰልኝ» ብላ ደስ አላት። መናኸሪያው በር ላይ ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡት አባ ጃርሶ «አርባ አንድ» ሲሏት ደግሞ ያለ አውሮፕላን ልትበር ምንም አልቀራት።

እግሯ በተሰበረበት ሳምንት ሆስፒታሉ በተመቱ ልጆች ተጨናንቆ ነበር። እሷም ከእነሱ ጋር ተሰለፈች፣ ከእነሱ ጋር ጄሶ ታሰረላት። ምን እንደሆነች የጠየቃት የለም፤ ያን ሰሞን መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ቤት ስትገባ ጎረቤቱ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ መጣ። አዴ ጉዴ «ኧረ እርከን ስታ ነው!» አሉ። ጎረቤቶቹ ተያዩ። አንዷ ዓይኗን ጠቀስ አደረገችና «አዎ፣ እርከን ስታ ነው። እኛም ለጠየቀን ሁሉ እንደዚያው ነው የምንለው» አለች። በዚያን ጊዜ መካድ ማለት ማመን ነበር። አዴ ጉዴ በማሉ ቁጥር ታሪኩ እየጠነከረ ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ሃቦኔን የመታት ሰው ቁመትና የጫማ ቁጥር ሳይቀር ታወቀ።

ሃቦኔም ቢሆን ብዙ አልተከላከለችም። ጓደኞቿ በእውነት ተደብድበው ሳለ «እኔ የተሰበርኩት ሆስተስ ልሆን ብዬ ነው» ማለት አሳፈራት። ዝም አለች። ዝምታዋም የጀግና ዝምታ ተባለ።

ሆስተስነቱም አለመብላቱም ከጄሶው ጋር ቀሩ። ትምህርቷን ጨርሳ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረች፤ «ሀገረ ሕይወት» የሚል፣ የአምቦ የድሮ ስም ያለበት ማኅተም ያረፈባቸውን የጥንት ፋይሎች አቧራ ታራግፋለች። እዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ፣ እህቷ እውነተኛ ሆስተስ የሆነች፣ ሃቦኔ የድሮ ኪሎዋን ስታጫውታት፣ አርባ አምስት ኪሎ የሚባል ሕግ ኖሮ እንደማያውቅ ነገረቻት። «ክብደት ከቁመት ጋር ነው የሚታየው። አንቺን በዚያ ኪሎሽ ቢያዩሽ ‹ሂጂ በልተሽ ተመለሺ› ነበር የሚሉሽ» ብላ ሳቀች። ሃቦኔም አብራት ሳቀች፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ ግማሽ ሰዓት አለቀሰች።

ከ2010ሩ የመንግሥት ለውጥ በኋላ በሹክሹክታ ይወራ የነበረው ሁሉ በማይክሮፎን ሆነ። በ2012 የተዘፈዘፈ ልብስ ያለበት ሳፋ ስታነሳ የእጅ አንጓዋ ሲሰበር ከተማው «ያ የድሮው ዱላ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ሲሠራ ቆይቶ ነው» አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእግር ተነሥቶ በእግሩ እጅ የደረሰ ዱላ ሰምቶ የሚያውቅ የለም፤ የተቃወመም ግን የለም። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ፤ አምቦዎች ደግሞ ሐሳብ አይሰስቱም።

ሴና ባትኖር ነገሩ እንዲሁ ተሸፋፍኖ ይኖር ነበር። ሴና የሃቦኔ ወንድም የኤቢሳ ልጅ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ጌዶ ላይ ከብት ስለሚነግድ አምቦ እንድትማር ብሎ እናቱ ቤት አስቀምጧታል። ሃቦኔን «አዳዳ» ነው የምትላት፤ ኦሮምኛው የአባትን እህት እንዲህ ይጠራል። በ2016 መስከረም ላይ፣ እራት ቀርቦ ሳለ፣ ሃቦኔ ትሪውን አየችና የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። ሴና እንጀራዋን እንደ ጥፍር እየቆረሰች ከዳር ወደ ዳር ታንሸራሽራለች።

የሴና ምክንያት ሆስተስነት አይደለም፤ የእሷ ስልኳ ውስጥ ነው ያለው። ወገባቸው የብርሌ አንገት የሚያህል ልጆች እዚያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲጨፍሩ ይውላሉ። ሴና በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ትለብሳለች። ምሳ ትምህርት ቤት በላሁ ትላለች፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ቤት እበላለሁ ትላለች። ሃቦኔ ፈራች። በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

«ሴና፣ ብዪ እባክሽ» አለቻት አንድ ቀን። «እንዲህ ከሆንሽ አጥንትሽ ይሰበራል።»

«የማን አጥንት ነው ምግብ በመተው የተሰበረው?»

«የኔ።»

ሴና ሳቀች። «አዳዳ ደግሞ! ያንቺ እኮ በዱላ ነው። እኔን ማን ይመታኛል?»

ሃቦኔ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ከአዲስ አበባ ስለመጣችው ልጅ፣ ስለ አባ ጃርሶ ሚዛን፣ ስለ እርከኑ፣ ዶሮዋን እንኳ አልተወችም። ሴና ሁሉንም አዳመጠችና ቅር ብሏት «እኔን ለማስፈራራት ብለሽ ታሪክሽን አትካጂ» አለች። «እኔ እኮ ባንቺ ላይ በጻፍኩት ግጥም ነው ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣሁት።»

አዴ ጉዴ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ልጅቷን አታደናግሪያት። ተመትተሽ ነው እንጂ!»

«እማዬ! እርከን ስታ ነው ብለሽ ለጎረቤት የማልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እሱማ ያኔ ፈርቼ ነው» አሉ አዴ ጉዴ፣ ከልባቸው።

ሃቦኔ ጌዶ ደወለች። ኤቢሳ ከከብቶቹ ጩኸት መሃል «ጥጋብ ነው! ረሃብ አይታ ስለማታውቅ ነው፤ ይለቃታል» አለና የበሬ ዋጋ መነጋገሩን ቀጠለ። ሆስፒታል እንሂድ ስትላት ሴና «ምኔን አመመኝ?» ብላ እምቢ አለች። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ከእጅ ወጣ፤ አዴ ጉዴ ለጎረቤት «የልጅ ልጄስ ከሁላችን በለጠች» ማለት ጀመሩ።

በዚሁ መሃል የሃቦኔ ጀርባ ያማት ጀመርና ሐኪም ዘንድ ሄደች። ዶክተር ሐምዲያ ከወሎ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው፤ ማን ማንን እንደመታ አታውቅም። ካርዱን አገላበጠች፤ እግር፣ አንጓ፣ አሁን ደግሞ ጀርባ። ቀና ብላ «ልጅ ሳለሽ ምን ትበዪ ነበር?» አለቻት። አሥር ዓመት ሙሉ «ማን መታሽ?» ስትባል ለኖረች ሴት ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ እንጃ፤ ሃቦኔ መልስ ከመስጠቷ በፊት እንባዋ መጣ።

አዲስ አበባ ተልካ የአጥንት ጥንካሬ የሚለካ ምርመራ ተደረገላት። ዶክተር ሐምዲያ ውጤቱን አየችው። ከዚያ «ዕድሜሽ ሃያ ሰባት ነው፤ አጥንትሽ ግን የሰባ ዓመት ሴት አጥንት ነው» አለቻት። «አጥንትን እንደ ጎተራ ቁጠሪው። ጎተራው በብዛት የሚሞላው በጉርምስና ነው፤ ቀሪው ዕድሜ ከዚያ እያወጡ መብላት ነው። አንቺ አዝመራው በደረሰበት ሁለት ዓመት ጎተራሽን ዘግተሽ ከረምሽ። የወር አበባሽ ሲቀርም ሰውነትሽ የድረሱልኝ ጩኸት እየጮኸ ነበር።»

«አሁንስ አይሞላም?»

«እንከባከበዋለን፤ መድኃኒትም አለ። ግን እንደ አዲስ አይሆንም። ከባድ ነገር እንዳታነሺ፣ ከመውደቅም ተጠንቀቂ።»

ሃቦኔ ወረቀቱን ወስዳ ለሴና ሰጠቻት። ሴና ገለባብጣ አየችውና «እዚህ ላይ ቁጥር እንጂ ስለ ምግብ የተጻፈ የለም» አለች። «ዱላው ነዋ ያደከመው።» ከዚያ ሹራቧን ሳብ አድርጋ ወጣች። እጅጌው ውስጥ ያለው ክንድ ከመጥረጊያ እጀታ አይበልጥም ነበር።

ኦቦ ጉታ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ኦቦ ጉታ የባለውለታዎች ማክበሪያ ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው፤ ዝርዝር የመያዝ ስጦታ አላቸው። በ2006 የሚታሰሩ ተማሪዎችን ስም ዝርዝር የጻፉት እሳቸው ነበሩ፤ በ2016 የሚሸለሙትን ዝርዝር የሚጽፉትም እሳቸው ናቸው። እጅ ጽሑፋቸው አልተለወጠም። እንዲያውም ስሞቹን በቀጥታ ከድሮው ወረቀት ነው የገለበጧቸው፣ ድካም ለመቀነስ።

«ያንቺን ስም ከድሮው ዝርዝር አጣሁት» አሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ያኔ ሳልጽፍሽ ቀርቻለሁ። የኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁን አሥረኛ ዓመቱን ስናከብር ቡልኮ እናለብስሻለን።»

«ኦቦ ጉታ፣ እኔ እኮ አልተመታሁም።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንቺ አትበዪው፤ እኛ እንለዋለን። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጀግና ራሱን አያወድስም። ሴናም ያንን ግጥሟን ታነብልናለች።»

ሃቦኔ እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ ሴናም መድረኩ ላይ እንደምትኖር ሲገባት ዘጋችው። አንድ ሐሳብ መጣላት። ሴና አክስቷን ባታምን ከተማውን ታምናለች። ውሸቱን ያጸናው የከተማው አፍ ከሆነ፣ እውነቱን በማይክሮፎን፣ በሙሉ አዳራሽ ፊት ብትናገረው፣ ሰዉም «ለካ!» ቢል፣ ሴና ወዴት ትሄዳለች? ብትዋረድ ትዋረድ፤ ቡልኮውን ቢገፍፏት ይግፈፏት። ልጅቷ ትብላ እንጂ። «እሺ፣ እመጣለሁ» አለች።

በዓሉ የተደረገው በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በፊት ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ወንበር ላይ በእውነት የተመቱት ተቀምጠዋል፤ አንዱ ዓይኑ አጠገብ ጠባሳ አለው፣ አንዷ በክራንች ነው የመጣችው፣ ሁለቱም አንድም ቃል አልተናገሩም። ሴና ሹራቧን ለብሳ መድረክ ላይ ወጣችና ግጥሟን አነበበች፤ «ዱላ ያልበገራት» በሚለው ስንኝ ላይ ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ሰዉም በስሜት መሰለው። ሃቦኔ ግን ልጅቷ ቁርስም ምሳም እንዳልቀመሰች ታውቃለች። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ቡልኮውን አለበሷት። ቡልኮ ከባድ ነው፤ ትከሻዋ ጎበጥ አለ። ማይክሮፎኑን ያዘች።

«ማንም አልመታኝም» አለች።

ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ያን ቀን አደባባይ አልነበርኩም። ከቤቴ ደጃፍ እርከን ስወርድ ነው የተሰበርኩት። የተሰበርኩትም ሁለት ዓመት ሙሉ ምግብ እምቢ ብዬ ስለነበር ነው። ምግብ ጠፍቶ አይደለም፤ እናቴ ሠርታ ታቀርባለች፣ እኔ አልበላም። አሁን በዚህ ዕድሜዬ የአሮጊት አጥንት ነው የተሸከምኩት። ይህ ቡልኮ ለነሱ ነው» ብላ ወደ ፊት ወንበሮች አመለከተች። «እኔ የመጣሁት ይህን ለአንድ ልጅ ለመንገር ነው።»

ወደ ሴና ዞረች። ሴና ወረቀቷን እንደያዘች ፈዛ ቆማለች። ትንሽ ጊዜ ቢሰጣት ኖሮ ማን ያውቃል። ኦቦ ጉታ ግን ማይክሮፎኑን ቀምተዋል።

«ሰማችሁ?» አሉ፣ ድምፃቸው በደስታ እየተሰበረ። «ሁለት ዓመት! እህል አልቀምስም አለች! ወገኖቼ፣ ይህ እኮ የረሃብ አድማ ነው! ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት! እኛ ዱላ ብቻ መስሎን ነበር!»

አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ፈነዳ። አዴ ጉዴ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥተው «እኔ እኮ ጾም መስሎኝ ነበር!» እያሉ አነቡ። የኮሚቴው ጸሐፊ ለሃቦኔ የተዘጋጀውን ሰርተፍኬት አውጥቶ በቁሙ ማስተካከል ጀመረ። ሃቦኔ «አድማ አይደለም! ለሆስተስ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ያለ ማይክሮፎን የተናገረ ግን አልተናገረም ማለት ነው። ስታያት ሴናም ታጨበጭባለች። ሃቦኔ ተስፋዋ ከእግሯ ሥር ተንሸራቶ ሲሄድ ተሰማት።

ኦቦ ጉታ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። እሳቸው ሰው ሲያቅፉ የጤፍ ኩንታል እንደሚያነሣ ሰው ነው፤ ከነቡልኮዋ እቅፍ አድርገው ከመሬት አነሷት። ከግራ ጎኗ በኩል ቀጭ አለ። ትንፋሿ ተቆረጠ፤ ጉልበቷ ከዳት። «ደስታው በዛባት!» አለ አንዱ፣ ጭብጨባውም በረታ።

ሴና ግን በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበረች፤ ድምፁን ሰምታዋለች። ማጨብጨቧን አቆመች። የሃቦኔን ፊት አየች። ከዚያ የኦቦ ጉታን እጅ አየች፤ ባዶ ነው፣ የወረቀት ሰው ለስላሳ እጅ ነው። ግጥሙ ከእጇ ወደቀ።

«ልቀቋት! ልቀቋት!» ብላ ጮኸች። ኦቦ ጉታን ገፍትራ አክስቷን በብብቷ ያዘች፤ የሁለቱም ጉልበት ተንቀጠቀጠ። «አዳዳ… ማንም አልመታሽም።»

«ማንም» አለች ሃቦኔ። ከዚህ በላይ የምትናገርበት ትንፋሽ አልነበራትም።

በባጃጅ ሆስፒታል ገቡ። ኮሚቴውም በሌላ ባጃጅ ተከትሎ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ስብሰባ ተቀመጠ፤ አጀንዳው ይህኛው አጥንት በ2006 ይመዝገብ ወይስ በ2016 የሚል ነው። ኦቦ ጉታ «የድሮው ዱላ ነው፣ ጊዜውን ጠብቆ ነው» የሚለውን አቋም ያዙ።

ዶክተር ሐምዲያ የራጁን ፊልም ወደ ብርሃን አነሣችው። «ሁለት ጎድን ተሰብሯል። ምን ሆና ነው?»

«አቀፏት» አለች ሴና።

ዶክተሯ አልሳቀችም። ጻፈችው። ሃቦኔ አልጋው ላይ በቀስታ እየተነፈሰች ጣራውን ታያለች። ሴና የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች መሬት መሬት ስታይ ቆየችና ቀና አለች።

«ዶክተር፣ እኔም አልበላም። በላሁ የምለው ውሸቴን ነው።»

ዶክተር ሐምዲያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ጉታ አንገታቸውን አስገብተው «ይቅርታ ዶክተር፣ ለሪፖርቱ ነው፤ የጎድኑን ቀን ምን እንበለው?» አሉ።

ሴና ተነሣች። በሩን ቀስ ብላ በፊታቸው ላይ ዘጋችው፤ ከውስጥ ቆለፈችው። ተመልሳም ከዶክተሯ ፊት ተቀመጠች።

«ከአምና ሰኔ ጀምሮ» አለች።